ጉድጓዱ ውሃ ይጠጣል ወይ?

እትዬ ፀሐይወርቅ በራችንን ያንኳኳችው በክርኗ ነው። ሁለቱም እጇ ተይዟል፤ በአንዱ ጫማዋን፣ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ።

«ከድጃ» አለች፣ «ግድግዳዬ አርግዟል። ነይ እይው። ዛሬ ነገ ሳይወልድ አይቀርም፣ አዋላጅ ፈልጊልኝ።»

ጊዜው ሐምሌ ሰማንያ ሁለት ነው፣ ደርግ ሊወድቅ ዓመት እንኳ ያልቀረው። ሰፈሩ ጎፋ፣ ቁልቁለቱ ላይ። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን እናቴ ሐሚዳ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ ብታውቅ «እዚያው ነበርክ» ትለኛለህ። ከድጃ አያቴ ናት። መንገድ ዳር በርበሬና ጨው ትሸጣለች፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እትዬ ፀሐይወርቅ የአጥር ጎረቤቷ ናት፤ የመንዝ ሰው፣ ልጅ የላት፣ ምላሷ ስለት። የጭቃ ቤቷ ከኛ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ዝቅ ብሎ መኖር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ከላይ ያለው ሰው የደፋው ሁሉ ወዳንተ ነው።

አያቴ ሄዳ አየችው። እውነትም ግድግዳው ከታች ወደ ውስጥ ነፍቷል፣ ምርጊቱ ተልጦ ጭዱ ወጥቷል። እጇን ብታስደግፍበት እንደ ሊጥ ገባ አለላት።

«ከኔ ግቢ ነው?» አለች።

«ከሰማይ አይደለም። ሰማይማ ለሁላችን እኩል ነው የሚያዘንበው።»

አያቴ እጇን ጠረገች። ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ አይጠጣም፤ ያብጥና ውሃውን ላዩ ላይ ያስተኛዋል። በሰባ አምስት አጎቴ ሸምሱ፣ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ «ሽንት ቤት በዋና መሄድ ሰለቸኝ» ብሎ ግቢው ጥግ ላይ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈረ። ብቻውን። ከራሱ ቁመት አልፎ ሲወርድ ጥቁሩ አለቀና ቀይ፣ ፍርክስክስ የሚል አፈር አገኘ። ቀዩ ይጠጣል። እዚያ አቆመና ድንጋይ ሞላው፤ ትልልቁን ከታች፣ እያነሰ እያነሰ ወደ ላይ፣ ከዛ ጠጠር፣ ከዛ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከዛ አፈር። የጣራውንም የእጥበቱንም ውሃ በቦይ ወደሱ መራው። ሲጨርስ ሰፈሩን ጠርቶ አንድ በርሜል ውሃ ደፋበት። ውሃው ጥፍት። እትዬ ፀሐይወርቅ «ይሄ ልጅ ዝናብን ጉድጓድ ከተተው» ብላ እልል አለች።

በሰባ ስድስት ጥር ላይ ስሙ ቀበሌ ተለጠፈ። ብሔራዊ ውትድርና፣ አንደኛ ዙር። ሁለት ዓመት ተኩል ነው ተባለ።

አያቴ እሱን የሸኘች ሳምንት፣ ወንድሟ ከስልጤ አገር ያመጣላትን የእንሰት ችግኝ ተከለች። የት? ጉድጓዱ አፍ ላይ። ይሄን ስሰማ እኔ ስቄያለሁ፤ ግን እሷ ባደገችበት አገር እንሰት የሚተከለው ጓሮ ነው፣ እጣቢው፣ አመዱ፣ እበቱ የሚደፋበት። ቤት የተረፈውን ነው እንሰት የሚበላው። እዚህ ግቢ እጣቢው የሚሄደው የት ነው? ሸምሱ ጉድጓድ። እዚያ ተከለቻ። በአገሯ ደንብ ምንም አልተሳሳተችም።

እንሰት እስኪደርስ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የሷ ሂሳብ ቀላል ነበር። ሸምሱ በሁለት ዓመት ተኩል ይመጣል፣ ከዛ እናትና ልጅ እንሰቱን አብረው ይጠብቃሉ፣ ሲደርስ ከሥሩ የሚወጣው ነጩ ቡላ ለሰርጉ ይሆናል። እንሰቱ ልጇን እንዲጠብቅላት አይደለም የተከለችው። ልጇ እንሰቱን እንዲጠብቅ ነው።

ሁለት ዓመት ተኩሉ አለፈ። ተራዘመ ተባለ። እንደገና ተራዘመ። ደብዳቤ ግን ይመጣ ነበር፤ የመጨረሻው ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ከአፍአበት። ሰላምታውን ለሰው ሁሉ በየስሙ ካደረሰ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ጉድጓዱ ውሃ ይጠጣል ወይ? እዚህ መሬቱ ውሃ ቢያገኝ ሳይቆፍሩለት ይጠጣ ነበር።»

መልሱን የጻፈችው እናቴ ናት፣ አያቴ እየነገረቻት። «ይጠጣል በዪው። ደህና አድርጎ ይጠጣል።» ያኔ እውነት ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ጦሩ አፍአበት ላይ እንዳለቀ ሰው በሹክሹክታ ሰማ። ሬዲዮው ዝም። ቀበሌውም ዝም። መርዶ የሚባል ነገር አልመጣም። አያቴም የራሷን ሕግ አወጣች፤ በሷ ፊት በሸምሱ ስም የሚያለቅስ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። አንድ ቀን እትዬ ፀሐይወርቅ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እያየች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሰደድ ስታደርግ፣ አያቴ «ተይ» አለቻት። ይቺን ብቻ። ከዛ ወዲህ ማንም ሰው ዓይኑ እርጥብ ሲል ያቺን «ተይ» ይሰማል። የሸምሱ አልጋ በየሳምንቱ አርብ አንሶላው ይቀየራል። እንሰቱ ደግሞ ጉድጓዱን እየጠጣ ከጣራው በላይ ሄደ። እትዬ ፀሐይወርቅ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦዋን የምትጋግረው በሱ ቅጠል ነው።

«ከድጃ፣ ከኮባሽ ሁለት ቅጠል ቁረጪልኝ።»

«ኮባ አይደለም፣ እንሰት ነው።»

«ዳቦዬ ስሙን አይጠይቅም።»

እንግዲህ ግድግዳው ያረገዘው በዚህ እንሰት ነው።

እናቴ ፉሪ ድረስ ሄዳ ጉርሜሳን አመጣችው። ጉርሜሳ ዕድሜውን ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ቀጭን፣ ከሰው ጋር ሲያወራ መሬት መሬቱን የሚያይ። ግቢው ሲገባ ድጅኖውን አጥሩ ላይ አስደገፈና መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ቦዩ መጨረሻ ላይ ደፋው። ስንደዶ መዘዘ፣ ውሃው ውስጥ ተከለው፣ ውሃው የደረሰበት ላይ በጥፍሩ ቆረጥ አደረገ። ከዛ ቁጢጥ ብሎ እናቴን ስለ ልጆቹ ያወራት ጀመር። የመጀመሪያው እንዲህ ነው፣ ሁለተኛዋ እንዲህ ናት፣ ሦስተኛው ሰነፍ ነው። አምስቱንም ጨርሶ ወደ ስንደዶው ቢዞር ውሃው ምልክቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ታሟል» አለ።

አፈሩን ጠርጎ ቆርቆሮውን አነሳ፣ ጠጠሩን ዛቀ፣ የላይ የላዩን ድንጋይ አወጣና በሆዱ ተኝቶ ወደ ውስጥ አየ። ብዙ ቆየ።

«አዴ ከድጃ፣ ይሄን ማነው የሠራው?»

«ልጄ ነው።»

«ማን አስተማረው?»

«ማንም።»

«ቀዩ ድረስ ወርዷል። እኔ እንኳ የደከመኝ ቀን ጥቁሩ ላይ አቁሜ አውቃለሁ። ድንጋዩንም እይ፣ ወርውሮ አይደለም የሞላው፣ ደርድሮ ነው። የት አለ እሱ? በዚህ ዕድሜዬ ረዳት አጥቻለሁ።»

እናቴ መሬት አየች። አያቴ ግን ምንም እንዳልሆነ «አገር ጥበቃ ሄዷል፣ ሲመጣ እልክልሃለሁ» አለችው።

ጉርሜሳ እጁን ከቶ አንድ እፍኝ ነገር አወጣ። ነጭ ሥር፤ እንደ ገመድ የወፈረ፣ በድንጋዮቹ መሃል ተጥመልምሎ፣ ደለሉን ይዞ ምርጊት አድርጎታል።

«ጉድጓዱ ደህና ነው» አለ። «ችግሩ ላዩ ላይ የተቀመጠው ነው። ወርቄው ይነሳ።» በኦሮምኛ እንሰት ማለቱ ነው።

«ሌላ ጉድጓድ ቆፍርልኝ።»

«የት? እዚያ ሽንት ቤት አለ፣ እዚህ የቤትሽ መሠረት። ደግሞ ሐምሌ ነው፣ ዛሬ የቆፈርኩት ነገ ይናዳል። ይሄኛውን ድንጋዩ ይዞታል።»

«እንግዲያው ሥሩን ብቻ ቁረጠው።»

«ከጎኑ እቆርጣለሁ። ከመቀመጫው ስር ያለውን ግን አልደርስበትም።»

«ከጎኑ ቁረጥ።»

ጉርሜሳ እናቴን አየት አደረጋት። እናቴ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቆረጠ። ሁለት ቀን ውሃው እየተጎተተም ቢሆን ሰረገ፤ በሦስተኛው ተኛ። አያቴ ራሷ በጆግ እየቀዳች ወደ መንገዱ መድፋት ጀመረች። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጀርባዋ ተቆልምሞ። እናቴ ጆጉን ልትቀበላት ስትል «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ትላታለች። ሐምሌን በጆግ ልትጨርሰው።

ሐምሌ አስራ ዘጠኝ የገብርኤል ዕለት እትዬ ፀሐይወርቅ ነጭ በነጭ ለብሳ ጎፋ ገብርኤል ሄደች። ታቦቱ ገብቶ፣ ጸበል ጸዲቅ ቀምሳ ስትመለስ ግድግዳው የለም። ሙሉ ጎኑ ወደ ውስጥ ወድቆ አልጋዋ ላይ ተኝቷል። ትራሷ ያለበት ቦታ አንድ ሰው የማያነሳው የጭቃ ቋጥኝ።

እናቴና አያቴ ሮጠው ሲደርሱ እትዬ ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ ላይ ጠብታ ጭቃ የለም።

«ወለደ» አለች ቀስ ብላ። «ወንድ ነው መሰለኝ፣ ከባድ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አያቴ አልጋውን አየች። ትራሱን አየች።

«ቀበሌ ትከሺኛለሽ?» አለቻት።

«እኔ?» እትዬ ፀሐይወርቅ ዞር አለች። «ቀበሌ የገባ ስም ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም፣ ከድጃ። ያንቺን ስም እኔ ልወስድላቸው?»

 እናቴ «ይቺን ስትል ዝናቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ» ትላለች፣ አልቆመም ግን።

ፍራሿን ከፍርስራሹ ስር ጎትተው አወጡትና ወደኛ ቤት ተሸክመው መጡ። ውሃ ያንጠባጥባል። እትዬ ፀሐይወርቅ መሬት ላይ ልትዘረጋው ጎንበስ ስትል አያቴ ክንዷን ያዘቻት።

«እርጥብ ላይ አትተኚም።»

«ታዲያ የት ልተኛ፣ ጣራ ላይ?»

አያቴ ወደ ሸምሱ አልጋ ሄደች። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሰው ያልተኛበት አልጋ። ብርድ ልብሱን ገለጠች። «እዚህ» አለች።

እትዬ ፀሐይወርቅ ፍራሹን ለቀቀችው።  «ከድጃ፣ ይሄማ...»

«አንሶላው ንጹህ ነው። ተኚ።»

በማግስቱ ጠዋት አያቴ ለእናቴ «ጉርሜሳን ጥሪው» አለቻት። 

ጉርሜሳ መጣ። ገጀራውን ይዞ እንሰቱን አንድ ጊዜ ዞረው፣ በየት በኩል እንደሚጥለው ሊያይ። ቀና ብሎ ጫፉን ሲያይ ቆመ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«አዴ ከድጃ፣ የመሃሉ ቅጠል አንሷል። ሊያብብ ነው።»

«ከግንቦት ጀምሮ አውቃለሁ» አለች አያቴ።

እናቴ ዞር አለች። «ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እንሰት የሚያብበው አንዴ ነው። ካበበ ይሞታል። ቆረጥኩትም አልቆረጥኩትም ይሄዳል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን በጆግ... እማዬ፣ ሰው ሊሞት ነበር እኮ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አያቴ ግንዱን በመዳፏ ነካችው፣ እንደ ከብት ጎን። «አምና ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ሥሩን ቀብሬ መቶ ችግኝ ያወጣልኝ ነበር። አገሬ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አንዱን ትቆርጫለሽ፣ ከሱ መቶ ይወለዳል። ያበበ ግን አይወልድም። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። እያወቅኩ ነው የጠበቅኩት። ይመጣል እያልኩ መሃን አደረግኩት።»

እናቴ መቆጣቷ ከየት እንደመጣ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ልታቅፋት ፈለገች፣ ደግሞ ካቀፈቻት ማልቀሷ ነው፣ ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ቆመች።

«ገጀራውን ስጠኝ» አለች አያቴ ለጉርሜሳ።

«ይከብድሻል።»

«የመጀመሪያውን ብቻ።»

«ቢስሚላህ» ብላ መታችው። ገጀራው ገባና ውሃ ፊጭ ብሎ ፊቷን ረጨው። በእጅጌዋ ጠረገችና ገጀራውን መለሰችለት። የቀረውን ጉርሜሳ ጨረሰው። ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፣ እርጥብ ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ ተኛ።

ያን ቀን ሙሉ ሴቶቹ ፋቁ። አያቴ ግንዱን በሰሌዳ ላይ አጋድማ ትፍቃለች፣ እናቴ ሥሩን ትከተክታለች፣ እትዬ ፀሐይወርቅ ምንም ስለማትችል «ይሄ ኮባ እንዲህ ሆድ አለው እንዴ» እያለች ታያለች። የተፋቀው ተጨምቆ ውሃው ሲረጋ ከታች ቡላው ቀረ፤ እንደ ወተት ነጭ። ቃጫው ደግሞ ለብቻው ተከመረ።

በማግስቱ ጉርሜሳ ሥሩን ነቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ያቀብላል፤ ሁሉም ጥቁር ደለል ለብሷል።

«ይሄ አይሆንም» አለ ከውስጥ። «አዲስ ድንጋይ እናስመጣ።»

«የሱን ነው የምመልሰው» አለች አያቴ። «አጥብልሃለሁ።»

ሳፋ አመጣች። ከእንሰቱ ቃጫ አንድ ጭብጥ ወሰደች። ዱካ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ማጠብ ጀመረች። አንድ ጊዜ አጠበችው። ውሃውን ደፍታ ሁለተኛ አጠበችው። ሦስተኛ። ቀኙን ጀምራ ወደ ግራ። ከዛ ደረቅ ጨርቅ ላይ አጋደመችውና ሌላውን አነሳች።

እናቴ ያንን እጅ ታውቀዋለች። በሰፈሩ ሙስሊም ሴት ስትሞት ለማጠብ የምትጠራው አያቴ ናት። እናቴ ውሃ ልታቀብል አብራት ሄዳ አይታለች። ያው እጅ ነው። ያው ዝምታ።

«እማዬ፣ አንዴ ይበቃዋል፣ ድንጋይ ነው።»

አያቴ አልሰማቻትም፤ ወይም ሰምታለች። እናቴ ሄዳ ንጹህ ውሃ በባልዲ አመጣች። እትዬ ፀሐይወርቅም ከሸምሱ አልጋ ጫፍ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከአያቴ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ምንም ሳትጠይቅ የታጠቡትን ትቀበላት፣ ታደርቅ ጀመር። ስንት ድንጋይ ነበረ? እናቴ አታውቅም። ጠዋት ተጀምሮ ጥላ ሲረዝም ነው ያለቀው። ሸምሱ ብቻውን ሲያወርድ ማንም አልቆጠረለትም።

ጉርሜሳ ድንጋዮቹን እንደነበሩበት መለሰ፤ ትልልቁን ከታች፣ እያነሰ እያነሰ ወደ ላይ። ከዛ ጠጠሩ፣ ቆርቆሮው፣ አፈሩ። እንሰቱ የነበረበት ቦታ ክብ ባዶ ሆኖ ቀረ።

«ውሃ» አለ።

እናቴ ባልዲውን ሰጠችው። ደፋ፣ ስንደዶ ተከለ፣ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። የዚህን ጊዜ ስለ ልጆቹ ለማውራት ጊዜ አላገኘም። ውሃው ከምልክቱ ወረደ። ስንደዶው ድጋፍ አጥቶ ዘንበል አለና እርጥብ መሬት ላይ ወደቀ።

ጉርሜሳ ቀና ብሎ ፈገግ አለ፣ የሠራው ሥራ ደስ ያለው ሰው ፈገግታ። ስለ ደብዳቤው በምን ያውቃል። «ይጠጣል፣ አዴ ከድጃ» አላት። «ደህና አድርጎ ይጠጣል።»

አያቴ ወደ እናቴ ዞረች። «ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

«ይጠጣል አለ።»

«አዎ፣ እማዬ።»

አያቴ አፏን ከፈተች፣ ሌላ ነገር ልትል። እናቴ «ጻፊለት ልትለኝ ነው ብዬ ነበር» ትላለች። አላለቻትም። ዙሪያዋን አየች፤ ባዶውን ክብ፣ ሳፋውን፣ በእጇ የቀረውን የቃጫ ጭብጥ። ቃጫውን ጨመቀችው። ከዛ ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ ተቀመጠች።

እትዬ ፀሐይወርቅ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ወደ ዓይኗ ወሰደችው። መጀመሪያ በዝምታ ነው፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዛ ድምፁ ወጣ፤ «ሸምሱዬ፣ የኔ ልጅ፣ አልጋህ ላይ ተኛሁብህ» አለች።

እናቴ ያቺን «ተይ» ጠበቀች። አያቴን እያየች ጠበቀች። ጉርሜሳ ነገሩ የገባው ያኔ ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተይ» የሚል ሰው አልነበረም።

ድምፁን ሰምቶ መጀመሪያ የመጣው የላይኛው ሰፈር ነው፣ ከዛ የታችኛው። መርዶ ማን እንዳመጣ የጠየቀ የለም። ድንኳን አልተተከለም፣ ቀበሌ እንዳይጠይቅ፤ ሰው ግን ለሦስት ቀን ከግቢው አልጠፋም፣ ዝናብ እየዘነበበት እንኳ ውሃ አልተኛበትም። እትዬ ፀሐይወርቅ ማማሰል ትችላለችና የቡላውን ገንፎ እሷ አማሰለች። ቡላውን የበላው ለቅሶ የመጣው ሰው ነው።